የእጅ ሻንጣው ታሪክ፦ ካሜራ፣ ባትሪና አደራ ከፌርፋክስ እስከ ቦሌ

ኤፕሪል 28 ቀን 1999 በሎስ አንጀለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በኖርዝዌስት አየር መንገድ የጭነት መጋዘን፣ ሁለት ፓሌት ዕቃ ተቃጠለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዕቃው ከጃፓን፣ ከኦሳካ ከተማ፣ በመንገደኞች አውሮፕላን ሆድ ተጭኖ የመጣ ሲሆን፣ በውስጡ 120,000 ያህል ዳግም የማይሞሉ ትንንሽ የሊቲየም ባትሪዎች ነበሩበት። የመጋዘኑ ሠራተኞች በእጅ ማጥፊያና በውሃ ቱቦ ተረባረቡ፤ እሳቱ ግን ጠፋ ባሉት ቁጥር እንደገና ይነሣ ነበር። አደጋው የሰው ሕይወት አላጠፋም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎችን ያስጨነቃቸውም የተቃጠለው ንብረት ሳይሆን የጊዜው አጋጣሚ ነበር። ያ ጭነት መሬት ላይ ሳይሆን ከጥቂት ሰዓታት በፊት፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከመንገደኞች እግር ሥር ሳለ ቢቀጣጠል ኖሮስ? በወቅቱ በነበረው ደንብ ባትሪዎቹ እንደ አደገኛ ዕቃ አይቆጠሩም ነበር፤ ለአብራሪው የማሳወቅ ግዴታም አልነበረም።

እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ በዚያ ዘመን ከነበሩት ዋነኛ ገበያዎች አንዱ የፊልም ፎቶ ካሜራ ነበር፤ ፊልሙን የሚያዞረው ሞተርና ብልጭታው ኃይላቸውን የሚያገኙት ከእርሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሎስ አንጀለስ ወደ አዲስ አበባ ለሠርግ፣ ለጥምቀት ወይም ለጥናታዊ ፊልም ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚገጥመው የደንብ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበቱን ያገኘው ከፌርፋክስ ጎዳና በመኪና ብዙም በማይርቅ መጋዘን ውስጥ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ደንቡ የተወለደው በእኛው ከተማ ነው። የተጻፈው ግን እኛን አስቦ አይደለም፤ ይህ ጽሑፍ የሚመረምረውም በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው።

የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በፌርፋክስ ጎዳና ከኦሎምፒክ መንገድ በስተደቡብ ያለውን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ የሰየመው በኦገስት 2002 ነበር። በዚያው ወር የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ለዓመታት በየአውሮፕላን ማረፊያው ሲጠየቁ የኖሩትን ሁለት ጥያቄዎች አስቀረ። «ሻንጣዎን ራስዎ ነው ያሰናዱት? የማያውቁት ሰው እንዲያደርሱለት የሰጠዎት ዕቃ አለ?» ጥያቄዎቹ የ1980ዎቹ የሽብር ሙከራዎች ውጤት ነበሩ። የሁለቱ ውሳኔዎች መገጣጠም ድንገተኛ ነው። ሆኖም ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ሆኖ አያውቅም። አገር ቤት የሚሄድ ሰው መሄዱ በተሰማ በሳምንቱ አደራው ይከማቻል፤ መድኃኒት፣ ስልክ፣ የሕፃን ልብስ፣ ከዚያም «ለወንድሜ ልጅ ሁለት የካሜራ ባትሪ፤ ክብደት የለውም» ይባላል። እውነትም ክብደት የለውም። የዛሬው ሕግ ግን የሚመዝነው ክብደቱን አይደለም።

ሥዕልና እሳት

የሥዕል ማንሻ መሣሪያና እሳት አብረው መጓዝ የጀመሩት በሊቲየም ዘመን አይደለም። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ካሜራው፣ የመስታወት ሰሌዳው፣ የጨለማ ድንኳኑና የኬሚካል ጠርሙሱ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ አምባው ግርጌ የተጓዘው በእንስሳት ጀርባ ነው። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ መሠረት ኮሎዲዮን ይባላል፤ በኤተርና በአልኮል የሟሟ፣ ባሩድ መሰል ጥጥ ማለት ነው። በዛሬው የአውሮፕላን ደንብ ቢመዘን ከጠርሙሱ አንዱም ወደ ጓዳው አይገባም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የሲኒማ ፊልም የተሠራበት ናይትሬት ደግሞ ከተቀጣጠለ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢነክሩትም መቃጠሉን አያቆምም። የቤት ውስጥ ሥዕል የሚነሣበት የማግኒዥየም ዱቄትም ፊትን ሊፈጅ የሚችል ነበር። ከአርመን ወገኖቻችን ስቱዲዮዎች ወጥተው በየቤታችን ግድግዳ የተሰቀሉትን የቆዩ ሥዕሎች ስናይ ይህን ጎናቸውን አናስብም።

በ1970ዎቹ የአየር መንገደኛው ካሜራ አንሺ ሥጋት ሌላ ነበር። አሜሪካ ሁሉም መንገደኛና የእጅ ሻንጣ እንዲፈተሽ ያዘዘችው ከጃንዋሪ 1973 ጀምሮ ሲሆን፣ የኤክስሬይ ማሽን በየበሩ የቆመውም ያኔ ነው። በዚሁ ዘመን በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ቤት፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ባልደረቦቹ ጋር አዲስ የሲኒማ እንቅስቃሴ ያቀጣጠለው ኃይሌ ገሪማ ነበር። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልሙን በ1974፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት በፈረሰበት ወቅት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸው፤ ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ገጠር ካሜራ መትከል ማለት እንግዲህ የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ አለው፤ ፌርፋክስ ስሙን ከማግኘቱ በብዙ ይቀድማል። የዚያ ዘመን ፊልም ሠሪ ጭንቀት ያልታጠበው ፊልም በኤክስሬይ እንዳይበላሽ እንጂ ባትሪው እንዳይነድ አልነበረም። የዘመኑ ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ነበርና ከባድ፣ ቶሎ የሚደክም፣ ይሁን እንጂ በባሕርይው ቁጡ ያልሆነ ነበር።

በኦክቶበር 1984 የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚንም የሠራው በዚያው የኒኬል ካድሚየም ዘመን ነው። በ1991 በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን ያጣው ይህ ኬንያዊ ካሜራ አንሺ በኖቬምበር 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር በተጠለፈውና በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961 በረራ ሕይወቱ አልፏል። ስሙን እዚህ ያነሣሁት ለሐዘኑ ብቻ አይደለም። ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ያየው አብዛኛው ምስል ከካሜራው ጋር አውሮፕላን በተሳፈረ አንድ ሰው ትከሻ ላይ የመጣ ነው። የመሣሪያው መንገድ ሲጠብ የምስሉም መንገድ አብሮ ይጠባል።

የመቶ ዋት ሰዓት ሥርዓት

ዳግም የሚሞላውን የሊቲየም አዮን ባትሪ በ1991 ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ሲሆን፣ በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ካሜራ ከመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበር። ለሠርግ ቪዲዮ አንሺው ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር። ከሽምግልና እስከ መልስ፣ ከዚያም እስከ ቅልቅል የሚዘልቅ ድግስ ሦስት አራት ባትሪ በኪስ ተይዞ መቀረጽ የቻለው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል ማጨቅ ዋጋ አለው። የባትሪው የውስጥ ክፍልፋይ በመጨፍለቅ፣ በፋብሪካ ጉድለት ወይም ጫፎቹ ከብረት ጋር ተነካክተው ሾርት በማድረጉ ሲበጣጠስ ሙቀቱ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል፤ ፈሳሹ ይተንናል፣ ይቀጣጠላል፣ አጠገቡ ያለውንም ባትሪ ያነሣሣል። የሚያስፈራው አንዱ መንደዱ ሳይሆን ቀጣዩን ማስከተሉ ነው።

ከሎስ አንጀለሱ እሳት በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባደረገው ሙከራ በአውሮፕላን የጭነት ክፍል የሚረጨው ሄሎን የተባለው ጋዝ ዳግም የማይሞላውን የሊቲየም ባትሪ እሳት ማቆም እንደማይችል በ2004 አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የዚህ ዓይነቱ ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይጓጓዝ አሜሪካ ከለከለች። መንገደኛውን በቀጥታ የነካው ደንብ በሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በሚረከብ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ሆነ፤ ከሰውየው ጋር ጓዳ ውስጥ መግባት አለበት።

ብዙ ሰው ይህን በተቃራኒው ይረዳዋል። «አደገኛ ከሆነ ለምን ከእኔ ጋር? ከታች አይሻልም?» የሚለው ጥያቄ በየመስኮቱ ይሰማል። መልሱ ግን ቀላልና ትንሽም የሚያስደነግጥ ነው። ከታች ያለውን እሳት የሚያየው የለም፤ ጋዙም አያቀዘቅዘውም። ጓዳ ውስጥ ግን የሚያሸት አፍንጫ፣ የሚጮህ አፍና ውሃ የምታፈስ አስተናጋጅ አሉ። ደንቡ መንገደኛውን ራሱን የእሳት ጠባቂ አድርጎታል ማለት ነው። የካሜራ ባትሪህን በእጅህ እንድትይዝ የታዘዝከው ላንተ ታስቦ ሳይሆን ዘበኛው አንተ ስለሆንክ ነው።

የመጠን ወሰኑም የራሱ ታሪክ አለው። የ2008ቱ ደንብ የሚቆጥረው በባትሪው ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን ሲሆን ወሰኑም 8 ግራም ነበር፤ ወደ ኃይል መለኪያ ሲለወጥ ክብ ቁጥሩ 100 ዋት ሰዓት ሆነ። ስሌቱ ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ማባዛት ነው። የተለመደው የፎቶ ካሜራ ባትሪ 7.2 ቮልትና 2 አምፒር ሰዓት ያህል ቢሆን 14.4 ዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ከወሰኑ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ያውም ሁለት ብቻ፣ ይፈቀዳል። ከ160 በላይ ያለው ጭራሽ አይገባም። የሲኒማ ካሜራ የሚሠሩ ሰዎች ከካሜራው ጀርባ የሚሰኩት ትልቁ ባትሪ ገበያ ላይ በ98 ወይም በ99 ዋት ሰዓት የሚገኘው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል። አምራቹ ባትሪውን ለካሜራው ብቻ ሳይሆን ለአውሮፕላኑም ልክ ነው የቀረጸው። ሕግ ዕቃን ሲቀርጽ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

ከ2008 በኋላ የመጣውን የበለጠ ያከበደው ሞት ነው። በሴፕቴምበር 2010 ከዱባይ የተነሣ የዩፒኤስ 747 የጭነት አውሮፕላን፣ የሊቲየም ባትሪ የነበረበት ጭነቱ ነድዶ ሲመለስ ተከሰከሰ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። በጁላይ 2011 የኤሺያና የጭነት አውሮፕላን ከኮሪያዋ ጄጁ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ሁለት አብራሪዎች ሞቱ፤ ከጭነቱም መካከል የሊቲየም ባትሪ ነበር። በእነዚህና በመሰል ሁኔታዎች ግፊት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ብቻውን የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይሄድ ከለከለ፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም ከ30 በመቶ በላይ እንዳይሞላ አዘዘ።

ንግሥተ ሳባ

በዚህ ሁሉ መካከል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመልካች ብቻ አልነበረም። በኦገስት 2012 ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ። ይህ አውሮፕላን ራሱ ዋና ባትሪዎቹን ሊቲየም አዮን ያደረገ የመጀመሪያው ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። በጃንዋሪ 2013 በቦስተን በቆመ የጃፓን አየር መንገድ 787፣ በቀናት ልዩነትም በጃፓን በሚበር ሌላ 787 ላይ ባትሪው ነደደ፤ በዓለም ያሉት 787ዎች ሁሉ መሬት ላይ ዋሉ፤ የኢትዮጵያዎቹም እንዲሁ። ቦይንግ ባትሪውን በብረት ሣጥን ከትቶ ጭሱ ወደ ውጭ እንዲወጣ አደረገ። ከዚያ በኋላ መንገደኛ ጭኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው 787 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2013 ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ገባ። የራሱን ባለሙያዎች ያመነ የድፍረት ውሳኔ ነበር፤ የዚያን ሰሞን ብዙዎቻችን ኩራት ተሰምቶናል።

ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ እንዳለፈ፣ ጁላይ 12 ቀን 2013፣ «ንግሥተ ሳባ» የሚል ስም የተሰጠው የአየር መንገዱ 787 ለንደን ሂትሮው ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ቆሞ ሳለ ከጅራቱ አካባቢ ነደደ። ዓለም ሁሉ «ያው ባትሪ» አለ። አልነበረም። የእንግሊዝ የአየር አደጋ ምርመራ ቢሮ በ2015 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲወድቅ ምልክት ከሚልክ ትንሽ የድረሱልኝ ማሠራጫ ባትሪ መሆኑን ገለጸ። የባትሪው ሽቦዎች ተቆላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። የባትሪው ዓይነት ሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ ዳግም የማይሞላው፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ «የካሜራ ባትሪ» ተብሎ የሚሸጠው የትናንሾቹ ሲሊንደሮች ኬሚካል። አውሮፕላኑ ተጠግኖ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሥራ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር አለ። በተዘጋ ቦታ፣ ሰው በማያየው ጥግ፣ በተጨፈለቀች አንዲት ሽቦ የተነሣ ከትንሽ ባትሪ የወጣ እሳት የአውሮፕላን ጣሪያ በስቷል። ስለዚህ የአየር መንገዱ ሠራተኛ በመለዋወጫ ባትሪ ላይ ሲጨክን «ሠርግ ልቀርጽ ነው» ለሚለው ሰው ግድ የለሽ ቢመስልም ከጀርባው ያለው የራሱ ተቋም ትዝታ ነው። የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ይህን የምናነሣበት ተጨማሪ ምክንያት አለን። በጁን 2015 አዲስ አበባን በደብሊን በኩል ከከተማችን ጋር ያገናኘው በረራ የተጀመረው በዚሁ በ787 ነበር።

ያ በረራ በሌላም ጊዜ ጠቅሞናል። በማርች 2017 አሜሪካ ከአሥር የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ወደ እርሷ የሚመጣ መንገደኛ ከስልክ የሚበልጥ ማንኛውንም የኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ ካሜራንም ጨምሮ፣ ከታች እንዲያስረክብ አዘዘች። ዱባይ፣ አቡ ዳቢ፣ ዶሃ፣ ኢስታንቡልና ካይሮ ሁሉም ከአዲስ አበባ የምንመለስባቸው መሸጋገሪያዎች ናቸው። አቪዬሽኑ «ባትሪ ወደ ላይ» ብሎ ዘጠኝ ዓመት ካስተማረ በኋላ የጸጥታው ወገን «ባትሪ ያለበት ዕቃ ወደ ታች» አለ። በደብሊን በኩል የሚመለስ ፎቶ አንሺ ካሜራውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ በዱባይ በኩል የሚመለሰው የአንድ ወር ሥራውን የያዘ መሣሪያ ለሻንጣ ወርዋሪ አስረከበ። ትእዛዙ በጁላይ ተነሣ። ሁለት የደኅንነት አስተሳሰቦች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ያሳየ አራት ወር ነበር።

አደራው የሚሰበርበት ቦታ

አሁን ወደ ወንድም ልጅ ሁለት ባትሪ እንመለስ። አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ፎቶ አንሺ ትክክለኛ የፋብሪካ ባትሪ ከሎስ አንጀለስ ቢፈልግ ምን ሕጋዊ መንገድ አለው? የአሜሪካ ፖስታ ከመሣሪያው ተለይቶ ብቻውን የታሸገ የሊቲየም ባትሪ ወደ ውጭ አገር አይቀበልም። በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነት መልክ መላክ ከ2016 ጀምሮ ተዘግቷል። የጭነት አውሮፕላን አለ፤ ነገር ግን የአደገኛ ዕቃ ሥልጠና ያለው ላኪ፣ ማሸጊያና ሰነድ ይጠይቃል፤ ለሁለት ባትሪ የሚታሰብ አይደለም። ባሕር ባትሪውን ጂቡቲ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አንባቢ ያውቀዋል። የቀረው የሰው እጅ ነው።

የሰው እጅ ደግሞ በደንቡ የተከፈተው ለራስ መጠቀሚያ ብቻ ነው። የአሜሪካ ደንብ መንገደኛ የሚይዘው ባትሪ ለሽያጭ ወይም ለማከፋፈል እንዳይሆን በግልጽ ይከለክላል። ሁለት ባትሪ ለዘመድ ይዞ መሄድ «ማከፋፈል» ነው ወይ? በበሩ ላይ ያለው ፈታሽ ይህን አይጠይቅም፤ ጫፎቹ በፕላስተር መሸፈናቸውን ወይም በየፊናቸው በከረጢት መሆናቸውን ካየ ያሳልፋል። ሃያ ባትሪ ከነማሸጊያው የተገኘበት ሰው ግን በአደራ ያገኘው ነው ቢል የሚሰማው የለም። በእኛ ዘንድ የአደራ ዕቃ ከራስ ዕቃ ይበልጥ ይጠበቃል፤ «አደራ በላ» መባል ከሌባ ይብሳል። በአቪዬሽን ሕግ ግን የአደራ ዕቃ ከሁሉ የሚጠረጠረው ነው፤ ተሸካሚው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሆነ፣ ወድቆ እንደሆነ ወይም እንዳበጠ አያውቅምና። ሁለቱም አስተሳሰቦች በየቤታቸው ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ተጋጭተው ሲገኙ ግን የሚያሸንፈው አውሮፕላኑ መሆን አለበት፤ ዘመድ ቢያኮርፍም።

ሌላው ጫፍ ቦሌ ነው። አየር መንገዱ የፈቀደውን ጉምሩክ ላይፈቅድ ይችላል። የድሮን ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ ከሎስ አንጀለስ እስከ ቦሌ ያለ ችግር ይበራል። ድሮኑ ራሱ ግን ቅድሚያ ፈቃድ ከሌለው ቦሌ ላይ ይቀራል። የባለሙያ ቪዲዮ ካሜራም ከግል ዕቃ ወሰን አልፎ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ አስመጪ ነህ ወይስ እንግዳ? ትመልሰዋለህ ወይስ ትሸጠዋለህ? በሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ የሚመልሰው «አታ ካርኔ» የሚባለው የዕቃ ፓስፖርት ነው። ካሜራው በአንድ ሰነድ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ይወጣል። ኢትዮጵያ የዚህ ሥርዓት አባል አይደለችም። ደቡብ አፍሪካ፣ ሞሮኮና ሴኔጋል ግን ናቸው። ስለ ቱሪዝምና ስለ ፊልም ኢንዱስትሪ ብዙ የሚነገርበት አገር ይህን ያህል ቀላል መሣሪያ ሳይጠቀም መቅረቱ ይገርመኛል። የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ሥጋት መሠረት የለውም ማለት አይደለም፤ «ለቀረጻ ነው» ተብሎ ገብቶ መርካቶ የቀረ ካሜራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ካርኔው ለዚሁ ሥጋት የተፈለሰፈ ነው፤ ዕቃው ካልወጣ ዋስ የሆነው ድርጅት ቀረጡን ይከፍላል።

እንግዲህ በሁለቱ ጫፍ የመንገዱ መዘጋት የሚፈጥረው ገበያ አለ። ትክክለኛው፣ ዓለም አቀፉን የመጓጓዣ ፈተና ያለፈው ባትሪ በሕጋዊ መንገድ ለመድረስ ሲቸገር፣ ስሙን ብቻ የተዋሰው ርካሽ አምሳያ በየሱቁ ይገኛል። የአዲስ አበባው ልጅ ያንን ይገዛል። ከዚያም ሥራ አግኝቶ ወደ መቀሌ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ናይሮቢ ሲበር አምሳያውን ባትሪ በእጅ ሻንጣው ይዞ ጓዳ ውስጥ ይገባል። ደንቡ ከጓዳ ሊያርቀው የፈለገው አደጋ፣ በደንቡ ጥብቀት ምክንያት፣ ወደ ጓዳ ተመለሰ ማለት ነው። ከፌርፋክስ ተነሥቶ ይህን ማስተካከል የሚቻልበት መንገድ የለም አልልም። የአደገኛ ዕቃ ፈቃድ ያለው አንድ ላኪ የብዙ ፎቶ አንሺዎችን ትእዛዝ ሰብስቦ፣ ባትሪዎቹን ከ30 በመቶ በታች አድርጎ፣ በጭነት አውሮፕላን ቢልክ ወጪው በብዙ ሰው ይካፈላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማኅበር እንጂ አዲስ ሕግ አይደለም፤ ዕቁብ የሚያውቅ ሕዝብ የጋራ ጭነትን ማወቅ አያቅተውም። በአዲስ አበባ በኩል ግን ተቀባዩ በአስመጪ ስም እንዲመዘገብ ከተገደደ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል፤ በዲያስፖራ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ አንባቢዎቻችን ቢያነሡት የሚጠቅመው ጥያቄ ይኸኛው ይመስለኛል።

ደንቡ ደግሞ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። በጃንዋሪ 2025 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ አውሮፕላን ማረፊያ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ነደደ፤ የተጠረጠረው ከወንበር በላይ ባለው የሻንጣ መደርደሪያ የተቀመጠ ፓወር ባንክ ነው። በማርች ወር ኮሪያ ፓወር ባንክ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ ከለከለች። ሌሎች አየር መንገዶችም ተከተሉ። ባትሪው በ2008 ከሆድ ወደ ጓዳ ወጣ፤ አሁን ከመደርደሪያ ወደ ጭን እየወረደ ነው።

ከሎስ አንጀለስ ለሚነሣው ሰው ይህ በተግባር ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው እግር ጉዞ ላይ ነው። የደብሊኑ በረራ በ2018 መጨረሻ ከተቋረጠ ወዲህ አብዛኛው መንገደኛ በአገር ውስጥ በረራ ዋሽንግተን፣ ቺካጎ ወይም አትላንታ ደርሶ ነው የኢትዮጵያን አውሮፕላን የሚሳፈረው። የአገር ውስጡ አውሮፕላን ትንሽ ነው፤ መደርደሪያው ቶሎ ይሞላል፤ በመጨረሻ የተሰለፈውን ሰው «ሻንጣዎን ከታች እናስገባልዎ፤ ክፍያ የለውም» ይሉታል። ካሜራውን ከነባትሪው በአንድ ሻንጣ ያሸገ ሰው በዚያች ደቂቃ፣ ከኋላው ሰልፍ እየገፋው፣ ሌንሱንና ልብሱን በርብሮ መለዋወጫዎቹን ማውጣት ይኖርበታል፤ ደንቡ በበር ላይ በሚረከብ ሻንጣም ላይ ይሠራልና። ስለዚህ ልምድ ያላቸው የሠርግ ቪዲዮ አንሺዎች ባትሪዎቹን በየኪሱ ከፋፍለው በያዙ ትንሽ ቦርሳ ለብቻ ያደርጋሉ፤ የእያንዳንዱ ዋት ሰዓት ከላዩ እንዲነበብ ያዞሩታል፤ ቦርሳዋንም ከፓስፖርቱ ጋር በትከሻቸው ያነግቷታል።